ሽል፣ ፅንስና ዘር፤ ስለ ሰው ልጅ የመጀመሪያ አፈጣጠር በሚሠራባቸው የሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

በካፋ ዞን፣ በዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ስለሚገኘው ስለ ማንኪራ ጫካ የተጻፈ ነገር ያነበበ ሰው፣ «የቡና እትብት የተቀበረበት» የሚል ሐረግ ሳያጋጥመው አይቀርም። ሐረጉ «እናት ቡና» ከሚለው ጋር እየተጣመረ በጋዜጣ፣ በጉብኝት መምሪያና በበዓል ንግግር ይመላለሳል። ከዚህ የምንነሣው ቡና መጀመሪያ የተገኘው የት ነው በሚለው ክርክር ገብተን ለመፍረድ አይደለም፤ የጅማም ሰዎች ስለ ጮጬ የሚሉት አላቸውና ክርክሩን ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። የምንነሣው ሐረጉ አንድ የቋንቋ ሥራ ስለሚያሳየን ነው፤ ይኸውም አማርኛ ስለ ሰው ልደት ያለውን ቃል ለዛፍ ማዋሱን ነው። በሌላ ወገን የመማሪያ መጻሕፍትንና የጤና ጽሑፎችን ብንገልጥ የብድሩን መልስ እናገኛለን። እነዚህ ስለ ሰው አፈጣጠር ሲያስረዱ ቃላቸውን ከእርሻ ያመጣሉ፤ «የወንድ ዘር»፣ «የዘር ፍሬ»፣ «የዘር ፈሳሽ» ይላሉ። ሰው ለቡና እትብትን ሰጥቶ ከቡና ዘርን ተቀበለ ማለት ነው። እኛ የምንከራከረው ከሁለቱ ብድሮች ፊተኛው ከሚገመተው በላይ ትክክል፣ ኋለኛው ግን ጎጂ መሆኑን ለማሳየት፣ እግረ መንገዳችንንም ቦታ አጥተው የሚንከራተቱትን «ፅንስ» እና «ሽል» የተባሉትን ሁለት ቃላት በየስፍራቸው ለማስቀመጥ ነው።

ከዘር እንጀምር። አንድ ያልተቈላ የቡና ፍሬ ለጥቂት ቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ ከለሰለሰ በኋላ በስለት ቢሰነጠቅ፣ በጎባጣው ወገን፣ በአንደኛው ጫፍ አጠገብ፣ ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር የምትረዝም ነጭ ነገር ትገኛለች። ይህች የነገዋ ዛፍ ናት፤ ግንድና ሥር የሚሆነው ዘንግ ከሁለት ስስ የቅጠል ጅማሮዎች ጋር ተዘጋጅቶ ተኝቶባታል። ቈልተን፣ ወቅጠን፣ አፍልተን የምንጠጣው የቀረው ክፍል በብዛቱ ለእርሷ የተቀመጠ ስንቅ ነው። እንግዲህ ዘር በጠባቡ የሙያ ፍች ሲወሰድ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሽል፣ ከስንቅና ከሽፋን። የወንዴውና የሴቴው ወገን በዘሩ ውስጥ ቀድሞውኑ ተገናኝተዋል፤ የዐረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ ብናኝ የሚራባ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ከዘሩ ውጭ የሚጠበቅ ሌላ ወላጅ የለም፤ አፈር የሚሰጠው ውኃና ምግብ እንጂ የትውልድ ድርሻ አይደለም።

አሁን ይህን ቃል ከወንድ ለሚመነጨው ሕዋስ ብንሰጠው ምን እንደምንል እናስተውል። ያ ሕዋስ ሽል የለበትም፤ ስንቅም አልያዘም ለማለት ይቀላል፤ የሚያመጣው የውርሱን ግማሽ ብቻ ነው። በቡና አበባ ላይ አቻ ቢፈለግለት የሚገኘው በዘሩ ዘንድ ሳይሆን ከብናኙ ውስጥ በሚወጣው ሕዋስ ዘንድ ነው። የሚገርመው፣ «ርክበ ብናኝ» የሚለውን ጥሩ ቃል ለአበባ የሚያስተምረው ያው መጽሐፍ ገጹ ተገልጦ ወደ ሰው ሲደርስ «የወንድ ዘር» ማለቱ ነው። አንድ ቃል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በአንድ ገጽ ሽልን የያዘውን፣ በሌላው ገጽ ሽል የሌለበትን ነገር ይጠራል። ተማሪው ሁለቱን አገናዝቦ «እንግዲያው ልጁ በአባቱ ዘር ውስጥ አለ» ቢል የተሳሳተው ተማሪው ሳይሆን ስያሜው ነው።

ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም፤ የኤውሮጳ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ኖረውበታል። አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ1677 እ.ኤ.አ. በአጉሊ መነጽሩ የወንድን ሕዋሳት ሲዋኙ ካየ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ተሠርቶ ያለቀው በእነርሱ ውስጥ ነው የሚል ወገን ተነሣ። ኒኮላስ ሃርትሱከር በ1694 እ.ኤ.አ. በሕዋሱ ራስ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ትንሽ ሰው ሥሎ አሳተመ። አየሁት አላለም፤ ሊታይ ይችላል ብሎ የገመተውን ነበር የሣለው። በተቃራኒው የቆሙት ደግሞ ሙሉው ሰው ያለው በእናቲቱ እንቁላል ውስጥ ነው ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር፤ አካል ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ የሚቀረው መተለቅ ብቻ ነው በሚለው። ካስፓር ፍሪድሪክ ቮልፍ በ1759 እ.ኤ.አ. የዶሮን እንቁላል መርምሮ አካል ከሌለበት ደረጃ በደረጃ እንደሚሠራ እስኪከራከር፣ ካርል ኤርንስት ፎን ቤር በ1827 እ.ኤ.አ. የአጥቢ እንስሳን እውነተኛ እንቁላል በውሻ ላይ እስኪያገኝ ድረስ ነገሩ በዚሁ ቆየ። ያው ፎን ቤር በዚያው ዓመት የወንዱን ሕዋስ ዛሬ በዓለም ሁሉ በሚታወቅበት የግሪክኛ ስም ጠራው፤ ስሙም «የዘር እንስሳ» እንደማለት ነው።

ከዚህ ላይ ተርጓሚዎች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። «ስሙ በግሪክኛም ዘር ከሆነ፣ እኛ ዘር ብለን ብንተረጕም ጥፋታችን ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ፣ የዛሬው እንግሊዛዊ ወይም ፈረንሳዊ ሐኪም ያን የግሪክ ቃል ሲናገር ማሳ አይታየውም፤ ዘይቤው ለእርሱ ሞቷል። አማርኛ ተናጋሪ «ዘር» ሲል ግን ጤፍና ገብስ፣ ወገንና ትውልድ፣ ርስትና ውርስ በአንድ ጊዜ ይመጡበታል። እኛ ቃሉን ስንተረጕም የሞተውን ዘይቤ ከመቃብር አስነሥተነዋል። የሥርወ ቃልን ፍች እንዳለ መገልበጥ ታማኝነት የሚመስለው የቃሉ ፍካሬያዊ ፍች እስኪታወስ ድረስ ነው።

ዘይቤው ከተነሣ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወንዱ ዘሪ ከሆነ ሴቲቱ ማሳ ትሆናለች። ዘር ሳይበቅል ቢቀር ገበሬ አስቀድሞ የሚመለከተው አፈሩን ነው፤ ባልና ሚስት ልጅ ሲያጡ በብዙ ቤት አስቀድማ የምትጠየቀው ሚስት መሆኗ ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ዝምድና የለውም ማለት ያስቸግራል። «መካን» የሚለው ቃል ከግእዝ ጀምሮ በይበልጥ የሚነገረው ለሴት መሆኑንም እዚህ ላይ እንጨምር። ሴት ልጆችን ብቻ ወለደች ተብላ የምትነቀፈውም እናት ናት፤ ዳሩ ግን የልጁን ጾታ የሚለየው ከአባት የሚመጣው ሕዋስ ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማእከል ተከፍቶ ከማሕፀን ውጭ የሚደረግ ፅንሰት በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ የባልና የሚስት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ተለይተው በስም መጠራታቸው የግድ ሆኗል። ሐኪሙ ለሁለቱ ሰዎች «ችግሩ ከዘሩ ነው» ሲል ምን ይሰማሉ? ባልየው ትውልዱ የተሰደበ ሊመስለው ይችላል፤ ሚስቲቱም ችግሩ ከሽሉ ይሁን ከባሏ ሕዋስ አታውቅም። ስለዚህ «ወንዴ ሕዋስ» እና «ሴቴ ሕዋስ» የሚሉት ስያሜዎች ለትምህርትም ለሕክምናም እንዲሠራባቸው፣ «ዘር» ግን ለዕፀዋትና ለትውልድ እንዲቀር እናሳስባለን። «ሕዋስ» ራሱ ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ጋር መጋጨቱን እናውቃለን፤ ነገር ግን ያ ግጭት ማንንም አያስወቅስም።

ስለ እትብት የምንለው አጭር ነው። «የቡና እትብት» የሚለውን የጋዜጣ ሐረግ ከንግግር ማሳመሪያነት ያለፈ ቁም ነገር የለውም ብሎ መናቅ አይገባም። በአበባው እንቁልጢ ውስጥ ገና ዘር ያልሆነችው ቅንጣት ከእናት አበባዋ ጋር የተያያዘችው በቀጭን ዘንግ ነው፤ ምግቧም የሚመጣላት በዚያው ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ዘንግ በላቲን «ትንሽ ገመድ» ይሉታል፤ የሰውን እትብት የሚገልጡበትም ቃል ያው ነው። ዘሩ ሲበስል ዘንጉ ይቈረጥና እንደ እምብርት ያለ ጠባሳ ይተዋል። የዕፀዋትን ሳይንስ ወደ አማርኛ የሚያመጡ ሰዎች ለዚህ ዘንግ አዲስ ቃል ሲፈልጉ ከሚደክሙ፣ ሕዝቡ ማንኪራን ሲያወድስ ሳያውቀው ያዘጋጀላቸውን «እትብት» ቢወስዱ ይሻላል።

ወደ ዋናው ችግር እንመለስ። «ፅንስ» እና «ሽል» በጽሑፋችን ውስጥ የሚሠሩት በዘፈቀደ ነው። አንዱ ጸሐፊ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ያለውን «ሽል»፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን «ፅንስ» ይላል፤ ሌላው ይገለብጠዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ውስጥ እያፈራረቀ ለውበት ይጠቀምባቸዋል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ትልቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ወደ አማርኛ የሚሄድ መዝገብ በባሕርዩ ለእያንዳንዱ የውጭ ቃል አቻ ያቀርባል እንጂ፣ የአማርኛ ቃላት እርስ በርሳቸው ያላቸውን ድንበር አያሰምርም። ድንበሩን ለማስመር ከአማርኛው ወገን መነሣት ያስፈልጋል።

«ፅንስ» የግእዝ ልጅ ነው፤ ፀንሰ ከሚለው ግሥ ይወጣል። በሕትመት «ጽንስ» ተብሎ መጻፉ የተለመደ ቢሆንም ሥርወ ቃሉ ፀን ይጠይቃልና እኛ በዚያው እንጸናለን። ቃሉ የሚያመለክተው ነገሩ እንዴት እንደ መጣ ነው፤ ፅንስ የተፀነሰ ነው፤ ከበስተጀርባው ድርጊትና ጊዜ አለ። ለዚህም ነው ሕግ የወደደው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2 የተፀነሰ ልጅ ጥቅሙ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁሉ እንደ ተወለደ እንዲቈጠር፣ ይህም በሕይወት ከተወለደና ለመኖር የሚችል ከሆነ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 3 ፅንሰቱ ከልደት በፊት በነበረው በ300ኛው ቀን እንደ ተደረገ ይገምታል፤ አንቀጽ 4 ደግሞ ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት የኖረውን ለመኖር እንደሚችል ይቈጥረዋል። ሕጉን በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ ነበሩ፤ የአማርኛው ተርጓሚዎች ግን «የተፀነሰ» በማለታቸው ምንም አልጐደለባቸውም። ሕግ የሚፈልገው አንድ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በማሕፀን ውስጥ ያለው አካል በየሳምንቱ ምን እንደሚመስል አይገደውም። «ፅንሰ ሐሳብ» የሚለው የዘመናችን ቃልም የወጣው ከዚሁ ነው። ዊልያም ሃርቬይ በ1651 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የማሕፀንን መፅነስ ከአእምሮ መፅነስ ጋር ማነጻጸሩን ስናስታውስ፣ ዝምድናው የአማርኛ ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ምስኪኑ ሃርቬይ ወደዚያ ንጽጽር የሄደው ቢቸግረው ነበር፤ የንጉሥ ቻርልስን አጋዘኖች ከተጠቁ በኋላ ሳምንታት እየቈጠረ ቢያርድ በማሕፀናቸው ውስጥ የሚታይ ነገር አጥቶ ነበርና።

(የቡናን አበባ ቢመረምር ከዚህ የባሰ ይቸገር ነበር። በሰው ዘንድ አንዲቱ ሕዋስ ከፅንሰት በኋላ በአንድ ቀን ገደማ ለሁለት ትከፈላለች፤ የዐረቢካ ቡና ግን ስንቁን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይጀምርና፣ ሽል የምትሆነው ሕዋስ ሁለት ወር ያህል ሳትከፈል ትቈያለች።)

«ሽል» የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው። የቃሉን ባሕርይ ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ያስረዳል፤ «ሽል እንደሆነ ይገፋል፣ ቂጣ እንደሆነ ይጠፋል» ይባላል። እናቶች በዚህ አባባል ያስቀመጡት ፈተና ከፍልስፍና የጸዳ ነው፤ ሽል የሚታወቀው ከየት እንደ መጣ ተጠይቆ ሳይሆን በመግፋቱ ነው። ይህ የቮልፍ ወገን አስተሳሰብ እንጂ የሃርትሱከር አይደለም። ቃሉ ለሰው ብቻ የተወሰነም አይደለም፤ ከታረደች ላም ሆድ የሚገኘውም ሽል ነው። ለቡናዪቱ ነጭ ቅንጣት ስንሰጠው የባዕድ ጠረን የማያመጣው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። «ፅንሰት» ለድርጊቱ ይሁን። «ፅንስ» ከዚያ ድርጊት የተገኘው ሁሉ በአንድነት የሚጠራበት ይሁን፤ ይኸውም አካሉንም፣ እንግዴ ልጁንም፣ እትብቱንም፣ የሽርት ውኃውን ከረጢትም ጠቅልሎ ከመጀመሪያው እስከ ልደት ድረስ። «ሽል» አካል እየሠራ ያለው ራሱ ይሁን። ከስምንተኛው ሳምንት በኋላ፣ ዋና ዋናዎቹ ብልቶች ተጀምረው ሲያበቁ፣ «የገፋ ሽል» ይባል፤ ይህን ቅጽል እኛ አልፈጠርነውም፣ ከምሳሌው የወሰድነው ነው። ክፍፍሉ ከሳይንሱ ጋር ይስማማል፤ ከፅንሰት በኋላ በአምስተኛው ቀን ገደማ ፅንሱ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ሲሆን፣ አካል የሚወጣው በአንድ ወገን ከተከማቹት ጥቂት ሕዋሳት ነው፤ የቀሩት ወደ እንግዴ ልጅ ይሄዳሉ። ሁሉንም «ሽል» ማለት ሙሉውን በክፍሉ ስም መጥራት ይሆናል።

ይህን ድንበር የምናሰምረው ለጥራት ብቻ አይደለም፤ ያለ ፅንሰት የሚገኝ ሽል ስላለ ነው። ስታሪትስኪ የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ከቡና ዕፅ ከተቈረጠ ተራ አካል፣ አበባም ብናኝም ሳይኖር፣ ሽል የሚመስሉ ቅንጣቶች በብርጭቆ ውስጥ ማደጋቸውን ገለጠ። በኋላም ከቅጠል ቍራጭ ሽል አውጥቶ ችግኝ ማድረስ በቡና አገሮች የታወቀ ዘዴ ሆኗል። ያ ነገር ይገፋል፤ ሥርና ቅጠል ያወጣል፤ ዛፍ ይሆናል። ሽል ላለማለት ምን ምክንያት አለ? ፅንስ ማለት ግን አይቻልም፤ አልተፀነሰምና። ይህ የዕፀዋት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ከአንድ በላይ የሆኑ የምርምር ቡድኖች ያለ ወንዴና ያለ ሴቴ ሕዋስ፣ ከሰው ግንደ ሕዋሳት ብቻ፣ የሁለተኛውን ሳምንት የሰው ሽል የሚመስሉ ቅርፆች መሥራታቸውን አስታወቁ። ዜናውን በአማርኛ «ሰው ሠራሽ ፅንስ» ማለት የነገሩን ዋና ቁም ነገር መሰረዝ ነው፤ የተፈለገው አዲስ ነገር ፅንሰት የሌለበት መሆኑ ነበርና። «ሽል መሰል» ቢባል ሁለቱም እውነት ይጠበቃሉ።

በእንግሊዝ አገር በ1980ዎቹ ከሆነው ነገርም እንማር። የዋርኖክ ኮሚቴ በ1984 እ.ኤ.አ. ከማሕፀን ውጭ ያለ የሰው ሽል ከ14ኛው ቀን በላይ ለምርምር እንዳይቈይ ሐሳብ ካቀረበ በኋላ፣ አንዳንድ ሳይንቲስቶች እስከዚያ ቀን ያለውን «ቅድመ ሽል» እንደማለት ያለ ስም አወጡለት። ተቃዋሚዎቻቸው ስያሜው ክርክሩን በቃል ለማሸነፍ የተፈለሰፈ ነው አሉ፤ የሽል ጥናት ሊቁ ሮናን ኦራሂሊም አልተቀበለውም። ወደ አማርኛ እንዳይገባ የምንሻው እንዲህ ያለውን ቃል ነው። «እናንተስ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽል አለማለታችሁ ያው አይደለምን?» የሚል ቢነሣ፣ አይደለም እንላለን፤ በእኛ ክፍፍል የመጀመሪያው ቀን የሚጠራው በ«ፅንስ» ነው፤ በሕጋችን ዘንድ የሚከብደውም ቃል ይኸው ነው። ስያሜው ለማንም ወገን አስቀድሞ አልፈረደም።

ስለ ጥንት መጻሕፍታችን አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ደግ አይሆንም። የሰብዓ ሊቃናት የግሪክኛ ትርጕም በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21፣ ሰዎች ሲጣሉ ነፍሰ ጡር ሴትን ገፍተው ሽሉ ቢወጣ ሥዕል የያዘውንና ያልያዘውን በፍርድ ይለያል፤ ዕብራይስጡ ይህ ልዩነት የለበትም። የግእዙ ኦሪት በመሠረቱ ከግሪክኛው የተተረጐመ በመሆኑ፣ መልክ ከመያዝ በፊትና በኋላ የሚለው ክፍፍል ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ሊሆን አይችልም። በሙሉው በግእዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክም በምዕራፍ 69 በማሕፀን ያለውን ሽል ስለ ማጥፋት ይናገራል። ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን የሚጠመቁበትን ልማድ ያስታወሰ አንባቢ፣ አርስጣጣሊስ ለወንድ ሽል 40፣ ለሴት ሽል 90 ቀን መመደቡን ሲሰማ ዝምድና ይጠረጥር ይሆናል። ነገር ግን የመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 ቍጥሮቹን የሚያያይዘው አዳምና ሔዋን ወደ ገነት ከገቡባቸው ቀናት ጋር ነው፤ የሚናገረውም ከልደት በኋላ ስላለው ጊዜ እንጂ ስለ ማሕፀን አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱን ማደባለቅ ተገቢ አይመስለንም። ከእነዚህ ሁሉ ለሙያ ቃል የሚጠቅመን «ሥዕል መያዝ» ወይም «መልክ መያዝ» የሚለው አነጋገር ነው። መጻሕፍቶቻችን «ዕድገት» በሚለው አንድ ቃል መጠን መጨመርንም፣ ብልት መለየትንም ይጠሩበታል። የሽል ጥናት ታሪኩ በሙሉ ግን እነዚህ ሁለቱ እንደሚለያዩ የመገንዘብ ታሪክ ነው። መጠን ሲጨምር «ማደግ»፣ ብልት ሲለይ «መልክ መያዝ» ቢባል አንባቢ ያለ መምህር ይረዳዋል።

የመልክ አያያዙን ደረጃዎች በመቍጠር ረገድ ሥራው ተሠርቶ አልቋል። ቪልሄልም ሂስ ከ1880 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. የሰውን ሽሎች በስስ እየቈረጠ መልሶ በምስል ካቋቋመ በኋላ፣ ተማሪው ፍራንክሊን ሞል በ1914 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር በካርኔጊ ተቋም የሽል ጥናት ክፍልን መሠረተ። ከዚያ ስብስብ የተነሡት ሊቃውንት የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት በ23 ደረጃዎች ከፈሏቸው። ደረጃዎቹ በዕድሜ ሳይሆን በመልክ የተለዩና በቍጥር የሚጠሩ ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው የአማርኛ ስም ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። ስም የሚያሻቸው ጥቂቶች ናቸው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሕዋሳቱ ተጠጋግተው የሚታዩበትን ደረጃ ላቲኑ በእንጆሪ ዐይነት ፍሬ ሰይሞታል፤ እኛም «እንጆሪ» ብንለው ልጆቻችን ከአጥር ሥር የሚለቅሙት ፍሬ ቅርፁን ያስረዳቸዋል። «እንግዴ ልጅ» ግን በምንም አይለወጥ። ላቲኑ ለዚህ ብልት የሰጠው ስም ቂጣ ማለት ነው፤ ከምሳሌያችን ጋር ሲነጻጸር ያስቃል። የእኛው ስም ልጅ ብሎ መጥራቱ የበለጠ ነው፤ እንግዴ ልጅ በአብዛኛው ከፅንሱ እንጂ ከእናቲቱ አካል የተሠራ አይደለምና።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ለአማርኛ ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። በቦንጋና በአካባቢዋ የጤና ባለሙያዎች የተማሩትን ለእናቶች የሚያስረዱት በካፊኖኖ ነው፤ ሲተረጕሙ በእጃቸው ያለው መነሻ ብዙ ጊዜ የአማርኛው ጽሑፍ ነው። አማርኛው «የወንድ ዘር» ካለ፣ ተርጓሚው ለማሳ የሚሆነውን ቃል ከቋንቋው ፈልጎ ያስገባና የእኛን ስሕተት በሌላ ቋንቋ ሥር ያሲዘዋል። በዚያ አገር ቡናን «ቡኖ» ብሎ የሚጠራው ሕዝብ፣ ከጫካው ሥር ችግኝ ሲለቅም ዘር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ የአዋላጆችም የማሕፀን ቃላት በየመንደሩ አሉ። የካፊኖኖ የሙያ ቃላት ዝርዝር ሲዘጋጅ፣ ከአማርኛው ገልብጦ ከመጀመር ይልቅ እነዚህን ሁለት ወገኖች፣ አዋላጆቹንና ቡና ተካዮቹን፣ ለየብቻ ጠይቆ፣ ለሽል የሚሰጡት ቃል አንድ መሆኑንና አለመሆኑን መዝግቦ መነሣት ይገባል። ለቡናዪቱ ነጭ ቅንጣትና በማሕፀን ላለው ሁለት የተለያዩ ቃላት የሚሰጡ ከሆነም፣ የእኛን «ሽል» ተከትለው አንድ ያድርጓቸው ብለን ልንጫናቸው አይገባም።